ከመታጠፊያው በኋላ እናስተነፍሰዋለን

ሰው ሲያረጅ ከሚሠራቸው ሞኝነቶች ውስጥ የእኔ ድርሻ ብስክሌት ሆነ። ሌሎቹን በጉብዝናዬ ጊዜ ጨርሻቸዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ስነዳ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ቤቴ እንደ ተቀመጥኩ፣ ሐኪሙ «ጋሼ ሞገስ፣ ይህ ሆድ ይዞዎት ሳይሄድ ትንሽ ይንቀሳቀሱ» አለኝ። በእግር እንዳልሄድ ጉልበቴ አሻፈረኝ አለ። ትልቅ ብስክሌት ላይ እንዳልወጣ ዳሌዬ እግሬን አላነሣ አለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄጄ ያገለገለች፣ ወገቧ ላይ የምትታጠፍ፣ ጎማዋ ከመሶብ ክዳን የማይበልጥ ብስክሌት ገዝቼ መጣሁ። የሰፈር ልጆች «አባባ፣ እስክታድግ ቢጠብቋትስ!» እያሉ ከኋላዬ ይሮጡ ነበር። እውነታቸውን ነው። ከሩቅ ለሚያየኝ የማዳበሪያ ጆንያ በሕፃን ጋሪ ተጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ነው የምመስለው።

ይህን ውርደት ብቻዬን እንዳልሸከመው ጓደኛዬ መምህር ተሾመም ብጤዋን ገዛ። ተሾመ ፊዚክስ ሲያስተምር ያረጀ ሰው ነው። እኔ ወፍራም፣ እሱ ደግሞ የስልክ እንጨት። ሲነዳ ጉልበቱ ጆሮውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ባለቤቱ አስካለ ሁለታችንን በር ላይ ስታይ «ሰርከሱ ወጣ» ትልና ገብታ ብቻዋን ትስቃለች።

ከተሾመ ጋር የማንስማማበት ነገር ብዙ ነበር፤ ዋነኛው ግን ንፋስ ነው። የጎማ ንፋስ ማለቴ ነው። እኔ ሾፌርነቴን አልረሳሁም፤ ጎማ ማለት በመዶሻ ሲመቱት እንደ ደወል መጮኽ አለበት። ድምፁ ከሰለለ ጭነት አይችልም። ብስክሌቷንም ጠዋት ጠዋት በመፍቻ ጀርባ ኳ ኳ አደርጋት ነበር። ተሾመ ይህን ሲያይ ያመዋል።

«አንተ ሰው፣ ይቺ አይሱዙ ናት?» ይለኛል። «ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያው ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ትልቅ ጎማ ጉድጓዱን ተሻግሮት ያልፋል፤ ትንሽ ጎማ ውስጡ ይገባል። ኮረኮንች ላይ ንፋሱን ካልቀነስክለት ድንጋዩን ይረግጠውና ይዘላል እንጂ አይዘውም።»

«ስቀንስለትስ? ድንጋዩ ከቸርኬው ብረት ጋር አጣብቆ የውስጡን ላስቲክ ይነክስብኛል።»

«ለዚያ ነው መሃሉን ፈልግ የምልህ። ከነሆድህ ተቀመጥበት፤ ጎማው ከታች ትንሽ ተለጠጥ ሲል እዚያ አቁም።»

«ከነሆዴ ከተቀመጥኩበትማ ከታች ምንም አይቀርም!»

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ዓመት አለፈ። ሌላም የሚደጋግመው ነገር ነበር፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መውረድ። ትንሽ ጎማ ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር ቸርኬው ከትልቁ ይልቅ በፍጥነት ይግላል፣ የታሸገ ንፋስ ሲሞቅ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል ይለኛል። ይህንን እንኳ አልተከራከርኩትም። የጋለ ፍሬን ምን እንደሚያደርግ ጣርማ በር ላይ በቂ ትምህርት ወስጃለሁ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ተሾመ «አልዩ አምባ እንውረድ» አለ። መምህርነት የጀመረው እዚያ ነው። ያን ትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ አላየውም። ዘዴያችን የሽማግሌ ዘዴ ነበር፤ ዳገቱን በአይሱዙ፣ ቁልቁለቱን በብስክሌት። ብስክሌቶቹን አጥፈን ጭነት ላይ ወርውረን ከደብረ ብርሃን የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ደረስን። አንኮበር ላይ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ጉም ተራራውን ሸፍኖታል። ተሾመ በአውራ ጣቱ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየጫነ ንፋስ ቀነሰላቸው። የእኔንም ጭምር። «ዛሬ አትከራከረኝ» አለኝ፤ አልተከራከርኩትም።

መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። መኪና ስነዳበት የነበረው ያ ጥርስ የሚያወልቅ ኮረኮንች ትራስ የተነጠፈበት መሰለኝ። ክረምቱ አፈሩን አጥቦ ድንጋዩን ራቁቱን አስቀርቶታል፤ በግራችን የእርከን ማሳ፣ በቀኛችን ገደል። እኔም ጮክ ብዬ እየዘፈንኩ ወረድኩ። ድምፄ እንኳን ለሰው ለአህያም አይመከርም።

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የተሾመ የፊት ጎማ ስለታም ድንጋይ ረገጠና ተኛ። እኔ ምን ተናገርኩ መሰላችሁ? «መምህር፣ መሃሉን አገኘኸው?» አልኩት። ሳቀ። ጎማውን አወጣን፤ የውስጡ ላስቲክ እባብ እንደ ነደፈው ሁለት ቦታ ተነክሷል። አሻሽተን፣ ማስቲሽ ቀብተን፣ ለጥፈን፣ መልሰን አስገባን። ከዚያ ተሾመ የእጅ ፖምፓውን አውጥቶ መንፋት ሲጀምር ከላይ ከጎረቤላ ገበያ የሚመለሱ ጎልማሶች ደረሱብን። አምስት ናቸው። ከፊት ያለው ደረተ ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ደሳለኝ እንበለው። ስሙን ለውጬዋለሁ። ከጎኑ ሽርጥ የታጠቀ፣ ሰይድ የምለው ጓደኛው አለ።

«ኧረ በስመአብ! አባባ፣ ይህን እርስዎ ነው የሚነፉት? እኛ ቆመን?» ብሎ ደሳለኝ ፖምፓውን ከተሾመ እጅ ቀማው።

«ግዴለም ልጄ፣ ትንሽ ነው የቀረው።»

«ምን ቀረው! ይቀመጡ። ሰይድ፣ አባባን ድንጋዩ ላይ አስቀምጥልኝ።»

ነፋ። እንዴት እንደ ነፋ! ክንዱ የወይራ ግንድ ነው። ተሾመ «በቃ፣ በቃ» ይላል፤ እሱ «አንድ ያጣላል!» እያለ ይጨምራል። ጉርሻ መሰለው። ቀጥሎ ሰይድ «ለእኔም አጅሩን ተው እንጂ» ብሎ ከጽድቁ ሊካፈል ፖምፓውን ተቀበለው። ሌሎቹም ተራ ያዙ። የተሾመን የፊት ጎማ ሲጨርሱ የኋላውን፣ ከዚያ የእኔን ሁለቱንም። ከመነሻው በልኩ የነበሩትን ማለት ነው! ተሾመ «እነዚህኛዎቹ ደህና ናቸው» ቢል «አባባ፣ ተለሳልሰዋል እኮ፣ እንዲህ ሆነው ያን ቁልቁለት አይችሉትም» አሉት። እኛም የቀረን ነገር መመረቅ ብቻ ሆነ። መረቅናቸው። «እድሜ ይስጣችሁ፣ ልጅ ይውጣላችሁ።» እነሱም አሜን፣ አሚን እያሉ ገለል ብለው፣ ስንነሣ ለማየት ቆሙ።

ተሾመ የፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱ አልገባም። እኔም ጫንኩት፤ በመዶሻ ብመታው ቅዳሴ ይጀምራል። ተያየን።

«በዛ» አለኝ በለሆሳስ።

«አስተንፍሰው።»

«አሁን? ቆመው እያዩ? ሰውዬው ላቡን ጠርጎ ሳይጨርስ ላቡን ልድፋበት?»

ቀና ብዬ አየሁ። ደሳለኝ ጥርሱን ገልጦ እጁን ያወዛውዛል። እናንተዬ፣ እስኪ ፍረዱ፤ በእነዚያ ዓይኖች ፊት ያንን ንፋስ ፍስስ የሚያደርግ የሐበሻ ሽማግሌ ወዴት ይገኛል? እኛ አገር ሰው የሰጠህን ምግብ ባትፈልገው እንኳ አፍህ ውስጥ ይዘህ ከደጅ ትተፋዋለህ እንጂ ፊቱ አትተፋውም።

«ከመታጠፊያው በኋላ እናስተነፍሰዋለን» ተባለ።

ማን እንዳለው ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። እሱ ይመስለኛል። እሱ ነው ብዬ ባምን ስለሚቀለኝ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

መታጠፊያው ቅርብ ነበር፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ። ግን ቁልቁለቱ ከዚያ በፊት ነው የሚብሰው። ተሾመ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወረድን። ጎማዎቹ ድንጋዩን መያዝ ትተው ይነጥራሉ፤ መሪው እጄ ላይ እንደ ተያዘ ዶሮ ይፈራገጣል። ተሾመ ፍሬኑን አጥብቆ ይዟል። የፍሬኑ ላስቲክ ሲቃጠል ይሸተኛል፤ ይህን ሽታ ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። «ተሾመ! ቁም!» አልኩ። «እሺ፣ መታጠፊያው ጋ!» አለኝ ሳይዞር።

ከዚያ ጧ አለ።

በዚህ ዘመን፣ በእኛ አካባቢ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መሬት ላይ መተኛት ነው። ከላይ የነበሩት ጎልማሶች ተኙ። እኔም ከብስክሌቴ ጋር ተጋደምኩ፤ መተኛቴ ይሁን መውደቄ እስካሁን አልለየሁትም። ቀና ስል መንገዱ ላይ ተሾመ የለም።

ሁለት እርከን ወርዶ አገኘሁት። ብስክሌቷ ከአጠገቡ ናት፤ የፊት ጎማዋ ከቸርኬው ወጥቶ እንደ ተቀደደ ቀበቶ ተንጠልጥሏል። ተሾመ በጎኑ ተኝቶ፣ የእርከኑን ካብ ታቅፎ ነበር። ደም የለም። ደም ባለመኖሩ ደስ አለኝ። ሞኝ ሽማግሌ።

«ተሾመ፣ እግርህ ነው?»

«እግሬስ ደህና ነው። ሆዴን... ካቡ ሆዴን ነው ያገኘው።» ካቡን ሳይለቅ፣ «ለአስካለ ገና አትደውልላት» አለኝ።

ለመደወልስ መቼ ኔትዎርክ ኖሮ!

ደሳለኝና ጓደኞቹ ተኩስ አለመሆኑን ሲያውቁ እየተንደረደሩ ወረዱ። ብዙ አልጠየቁም። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ የደሳለኝን ጋቢ ዘረጉ፣ ሰይድ ሽርጡን ፈትቶ በውስጥ ሱሪ ብቻ ሲቀር ቀልድ እንኳ የተናገረ የለም፤ ጋቢውን ከእንጨቶቹ ጋር በሽርጡ አሠሩት። አንደኛው መኪና እንዲፈልግ ወደ አልዩ አምባ ቀድሞ ሮጠ። የቀሩት ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አደረጉት። እኔ የተሾመን እጅ ይዤ ከጎን ከጎን እሄዳለሁ። ያ አልሄድ ያለው ጉልበቴ ያን ቀን አንድም ጊዜ ስለ ራሱ አላወራም።

እንዲህ ሆነን ወረድን። ከብርዱ ወጥተን ሙቀቱ ውስጥ ገባን፤ የተሾመ እጅ ግን እየቀዘቀዘ ሄደ። ይህን ከእኔ በቀር ያወቀ የለም።

«አባባ፣ አይዞን፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይላል ደሳለኝ።

«ልጄ፣ እኔ እንኳ አይዞኝ። አንተ ተዘጋጅ፤ ይኼ ወፍራም ጓደኛዬ ሲደክመው ቀጥሎ የምትሸከመው እሱን ነው» አለ ተሾመ።

«ከእሱስ አላህ ያውጣን! ቃሬዛውን በሲሚንቶ ማሠራት ነው» አለ ሰይድ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ትንሽ ሄድ እንዳልን ደሳለኝ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ዞር አለ። «አባባ፣ ግን ምን ሆኖ ነው? ምን መታዎት? ድንጋይ ነው?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። የተሾመ ጣቶች መዳፌ ውስጥ ተጨማደዱ። በዚያ ሰውነት ውስጥ ያን ያህል ጉልበት መቅረቱ ገረመኝ።

«ድንጋይ ነው ልጄ» አለ። «ክፉ ድንጋይ ነው።»

«ይህ መንገድ እኮ ሰው ጨረሰ!» አለ ደሳለኝ።

ትከሻ ሲቀያየሩ ቃሬዛውን ዝቅ አደረጉት። ተሾመ በዓይኑ ጠራኝና ጆሮዬን አፉ ላይ አደረግኩ።

«እንዳትነግረው» አለኝ።

«ዝም በል፣ አትድከም።»

«የሰጠን እኮ ነው፣ ሞገስ። የሰጠን ነው።»

ቀጠልን። ከታች የቆርቆሮ ጣራዎች መታየት ሲጀምሩ፣ የከሰዓቱ፣ የዐሱር አዛን ከመስጊዱ ሽቅብ መጣ። ሰይድ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይራመዳል። ተሾመ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«የትምህርት ቤቱ ጣራ ይታያል?» አለኝ።

የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ብቻ «ይታያል» አልኩት።

«ቀለም ቀብተውታል?»

«ቆርቆሮ ነው እኮ ተሾመ፣ ምን ቀለም አለው።»

«በእኛ ጊዜ ሣር ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ ምንም አላለም። ከታች መኪናው አቧራ እያስነሣ ሲመጣ ሁላችንም አየነው፤ ተሸካሚዎቹ እየጮኹ ሩጫ ጀመሩ። እኔ አልሮጥኩም። እጁን ስለያዝኩ፣ መሮጥ እንደማያስፈልግ አውቄ ነበር። ግን አልነገርኳቸውም። ደስ ብሏቸው ይሮጡ ነበር።

ደብረ ብርሃን ስንመለስ ለአስካለ «ድንጋይ ነው» አልኳት። ለቅሶ ቤቱም ድንጋይ ነው አለ። ቄሱም ተናገሩ፤ ሰው ሁሉ የየራሱ ድንጋይ ተቀምጦለታል አሉ። ደሳለኝና ሰይድ ከዚያ ሁሉ ዳገት ወጥተው ለቅሶ መጡ። አስካለ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም፤ «ባሌን በትከሻችሁ ያወረዳችሁ!» እያለች። ደሳለኝ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከአርባው በኋላ ደሳለኝ ቤቴ መጣ። ጤፍ ተሸክሞ። «አባባ ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው» አለኝ። ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ስለ አዝመራ፣ ስለ መንገዱ አወራን። ብስክሌቴ ግድግዳው ላይ ተደግፋለች። ያን ሰሞን መልሼ መንዳት ጀምሬ ነበር፤ ንፋሷን ልክ ተሾመ እንደሚለው አድርጌ። ደሳለኝ ተነሣና ጎማዋን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ይቺማ ሞታለች አባባ! ፖምፓዋስ?» ብሎ ከኮርቻው ሥር የታሠረውን ራሱ ፈትቶ ገጠመው። መንፋት ጀመረ።

«ተው» አልኩት።

«ኧረ ምን ችግር አለው፣ አይደክመኝም።»

«ተው ብዬሃለሁ!»

በሕይወቴ እንግዳ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሄድኩ። የማይታጠፈውን ጉልበቴን አጥፌ ተንበረከኩና የንፋሱን መግቢያ በጥፍሬ ተጫንኩት። ፍስስ አለ። የጨመረውን ንፋስ ሁሉ፣ ፊቱ፣ እሱ እያየ አስወጣሁት። በአውራ ጣቴ ጫንኩት፤ ገባ ሲል ተውኩት።

ቀና ስል ደሳለኝ ፖምፓውን ይዞ እንደ ቆመ ነው። ፖምፓውን አየ። ጎማውን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ ደግሞ ፖምፓውን። የፊቱ ደም ቀስ ብሎ ሲሄድ አየሁት።

«አባባ...» አለ።

«አቤት።»

«ያን ቀን...»

አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩትም። «ድንጋይ ነው» አልኩት። የሞተ ጓደኛዬ የጣለብኝ አደራ ነው።

ደሳለኝ የፖምፓውን እጀታ ገፍቶ ዘጋና «አዎ» አለኝ። «ድንጋይ ነው።» እንዳላመነኝ አውቃለሁ። ለእኔ ብሎ፣ እንዳላፍር ብሎ ነው የተቀበለኝ። ምሳ ቀረበ፣ በላ፣ አመሰገነ፣ ፖምፓውን ከኮርቻው ሥር ቀስ አድርጎ መልሶ አሠረና ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ ውስጥ ኮረኮንች ላይ ትንሽ ጎማ የሚነዳ ስንት ሰው እንዳለ አላውቅም፤ ካላችሁ ንፋሱን ቀንሱ፣ ግን እንዳይነከስ መሃሉን ፈልጉ፤ ቁልቁለት ላይ እየቆማችሁ ቸርኬውን አብርዱት። ይህን የሚነግራችሁ መዶሻ ይዞ ጎማ ሲደበድብ የኖረ ሽማግሌ ነው። ለቀራችሁት፣ ብስክሌት ለማትነዱት፣ ሌላ አለኝ። ሲበዛባችሁ እዚያው በቃ በሉ። ሰጪው ይቀየማል። ይቀየም፤ ቅያሜ በሽምግልና ይታረቃል። እኔ ዛሬ ሁለተኛ ጉርሻ የማልቀበል፣ ሰው ሲጨምርልኝ ሳህኑን በእጄ የምከድን ሆኛለሁ። «ሞገስ በስተርጅናው ባለጌ» ይሉኛል። ይበሉኝ። በወጣትነቴም ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኝ ነበር፤ ያኔ ግን በከንቱ ነበር።

ይህን ጽሑፍ አስካለ ታነበዋለች። ማንበብ ትወዳለች። እስከ ዛሬ የምታውቀው ድንጋዩን ነው፤ እውነቱን ከወረቀት ማግኘት የለባትም። ስለዚህ ለማንም ሳልልከው ቤቷ ሄጄ በአፌ እነግራታለሁ። ከቅዳሜው ዝክር በኋላ፣ እንግዶቿ ሲሄዱላት፣ ትንሽ ስትረጋጋ ልል ነበር።

ቤቷ ከእኔ ሦስተኛው በር ነው። ጫማዬን እያጠለቅኩ ነው።